ከባልዲና ከፓምፕ የሚሠራ የቢራ ኬግ ማጠቢያ

19 ሊትር የሚይዘው ኮርኒ ኬግ፣ ማለትም የቤት ቢራ የሚሞላበት የብረት በርሜል፣ ሲያዩት ለማጠብ ቀላል ይመስላል። አፉ ሰፊ ነው፣ ውስጡም ለስላሳ አይዝጌ ብረት ነው። ግድግዳውን ማጽዳት በእርግጥም ከባድ አይደለም። የሚያስቸግሩት ከቢራ መውጫው ተነሥቶ እስከ ኬጉ ወለል የሚወርደው ረጅሙ የመቅጃ ቱቦ፣ አጭሩ የጋዝ ቱቦ፣ እንዲሁም በሁለቱ መግጠሚያዎች ውስጥ ያሉት ትንንሽ የስፕሪንግ ቫልቮች ናቸው። ብሩሽ አይደርስባቸውም፣ ዓይንም አያያቸውም። የእርሾ ዝቃጭና የሆፕ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ተክል) ፍርፋሪ ተሸሽጎ የሚደርቀው እዚያ ነው፤ ቀጥሎ የሚሞላውንም ቢራ የሚያበላሸው እሱ ነው።

በቤት ከሚሠሩት ማጠቢያዎች ብዙዎቹ መሃል ላይ ውሃ የሚረጭ አንድ ቧንቧ ብቻ አላቸው። ግድግዳው ያበራል፣ ቱቦው ግን እንዳለ ይቀራል። እዚህ የምንሠራው ማጠቢያ ሦስት መንገድ አለው። አንዱ መሃል ላይ የሚቆመው መርጫ ነው፤ ሁለተኛው በቢራ መውጫው በኩል፣ ሦስተኛው በጋዝ መግቢያው በኩል ያልፋል። ኬጉ ተገልብጦ ባልዲው ላይ ይቀመጣል። ፓምፑ አጣቢውን ውሃ ከባልዲው ወደ ላይ ይገፋል፤ ውሃው የኬጉን ወለል መትቶ በግድግዳው ላይ እየፈሰሰ በአፉ በኩል ወደ ባልዲው ይመለሳል። ሁለቱን ተጨማሪ መንገዶች መጨመር የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም፤ የማጠቢያው ዋጋ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ፣ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ ባልዲ ከጠንካራ ክዳኑ ጋር
- ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ (አመራረጡ ከታች ተጽፏል)
- 1 ሜትር የሚሆን የግማሽ ኢንች የሙቅ ውሃ ቧንቧ
- አንድ የግማሽ ኢንች ባለ ክር ታፖ (የቧንቧ ጫፍ መድፈኛ፤ መርጫው ከእሱ ይሠራል)፣ ሁለት ቲ፣ ኒፕሎች፣ እንዲሁም ከፓምፑ መውጫ ወደ ግማሽ ኢንች የሚቀንስ ማያያዣ
- ሦስት የኳስ ቫልቭ፦ አንዱ ለዋናው ቧንቧ፣ ሁለቱ ለቅርንጫፎቹ
- የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሜ የሆነ፣ ሙቀት የሚችልና ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቱቦ፣ 2 ሜትር
- አንድ ጥቁር ዲስኮኔክት ለቢራ፣ አንድ ግራጫ ዲስኮኔክት ለጋዝ (ዲስኮኔክት በኬጉ መግጠሚያ ላይ ተጭኖ የሚገባ የቱቦ ጫፍ ነው)
- አራት ፋሼታ፣ ቴፍሎን፣ የአይዝጌ ብረት ወንፊት ወይም የወንፊት ከረጢት
- ትራፓኖ ከ3 ሚሜ ፑንታ ጋር፣ ሴጌቶ፣ ሊማ፣ ስለታም ቢላ፣ ሜትር

ቧንቧው ከምን ቢሠራ ይሻላል? ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ፒፒአር ወይም ሲፒቪሲ ጥሩ ነው። ተራው ፒቪሲ 60°ሴ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ የቆመው ቧንቧም ይጎብጥና መርጫው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሙጫ የሚጠቀም ሰው ሙጫው ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ውሃ አያሳልፍ፤ ሽታው ወደ ቢራው ይገባል። ዚንክ የተቀባ ብረት በጭራሽ አይሆንም፤ ዚንኩን አሲዱም አልካሊው አጣቢም ይበላዋል። አሉሚኒየምም በአልካሊ ይበላል። ነሐስና መዳብ በአጣቢው ይጠቁራሉ፣ በአሲድ ደግሞ ይሟሟሉ፤ ለዚህ ሥራ ባይገቡ ይመረጣል። ገንዘቡ ከተገኘ ሁሉንም በአይዝጌ ብረት መሥራት ከሁሉም የተሻለ ነው።

ፓምፑን መምረጥ

ሥራው የሚሳካውም የሚከሽፈውም በፓምፑ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ትንሽ ማስላት ይገባል። በፋብሪካ ታንክ እጥበት እንደ መነሻ የሚያዘው ልክ ለአንድ ሜትር የታንክ ዙሪያ በደቂቃ ከ30 እስከ 35 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ያህል ከፈሰሰ ውሃው ግድግዳውን እንደ መጋረጃ ሸፍኖ ይወርዳል፤ ካነሰ ግን ተከፋፍሎ በጅረት ይወርድና በመሃል ደረቅ ቦታ ይተዋል። የኮርኒ ኬግ የውስጥ ስፋት ወደ 21 ሴሜ ነው፤ ዙሪያው 66 ሴሜ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ለመርጫው ብቻ በደቂቃ ከ20 እስከ 23 ሊትር ይፈለጋል፤ ለሁለቱ ቅርንጫፎች ሌላ ከ6 እስከ 8 ሊትር ጨምሩ።

ውሃው ወደ 1 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ለማለፍ ደግሞ 3 ሜትር የሚጠጋ የውሃ ግፊት ይጠፋል፤ ቲውና ቫልቩም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። እንግዲህ ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር ሲሰጥ ቢያንስ 4.5 ሜትር መግፋት አለበት። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ከፍተኛው ነው። «6000 ሊትር በሰዓት» የሚባለው ምንም ከፍታ ሳይኖር ነው፤ «7 ሜትር» የሚባለውም ውሃው ቆሞ ነው። ከፍተኛ ከፍታው 7 ሜትር፣ ከፍተኛ ፍሰቱ 6000 ሊትር በሰዓት አካባቢ የሆነ ፓምፕ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜ 250 ዋትና ከዚያ በላይ ነው። የዓሣ ገንዳ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን እላይ ቢያደርሰውም ጉልበት አይኖረውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ነው፤ ብዙዎቹ እስከ 35°ሴ ብቻ ይፈቅዳሉ፣ ገደቡም በፓምፑ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በ60°ሴ ውሃ ውስጥ የሚሠራ እንዲህ ያለ ፓምፕ መጀመሪያ በሙቀት መከላከያው ይቆማል፣ ቆይቶ የዘንጉ ማሸጊያ ይላላል። ከማሸጊያው በስተጀርባ ዘይት ያለባቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ሲያፈሱ ዘይቱ ወደ ኬጉ ይሄዳል። ስለዚህ ወይ ሙቀት የሚችል ፓምፕ ግዙ፣ ወይ የፓምፑን ገደብ አክብራችሁ የእጥበቱን ጊዜ አስረዝሙ። ለትኩስ ዎርት (ገና ያልተብላላ የቢራ ጭማቂ) የሚሠሩ በማግኔት የሚዞሩ ፓምፖች ሙቀቱን በሚገባ ይችላሉ፤ ከባልዲው ውጭ፣ ከውሃው ወለል በታች መቀመጥ አለባቸው፣ ራሳቸው ውሃ ስበው አይነሡምና። ትንንሾቹ ግን ግፊታቸው 3 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ የመርጫው ውሃ ይደክማል። ሌላ ቆሻሻ የሳበ አሮጌ ፓምፕ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ።

አሠራር

1. ክዳኑን አዘጋጁ። ኬጉን ገልብጣችሁ በባልዲው ክዳን መሃል አስቀምጡና የእጀታውን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ። ከመስመሩ 2 ሴሜ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ክቡን ቁረጡ። የእጀታው ከንፈር በዚያ 2 ሴሜ ላይ ይቀመጣል፤ ዲስኮኔክቶቹ በቀዳዳው በኩል ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ስለሚረግብ ከክዳኑ ሥር በቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ጠንካራ የአይዝጌ ብረት ዘንጎች በባልዲው ጠርዝ ላይ አጋድሙ። በጠርዙ ላይ ለፓምፑ ገመድ የሚሆን ትንሽ ጎድጎድ አውጡ፤ ገመዱ ክዳኑን ካነሣው ኬጉ ያዘነብላል።

2. የዋናውን ቧንቧ ርዝመት ለኩ። ቀጥ ያለ ዘንግ ኬጉ ውስጥ አስገብታችሁ ከእጀታው ጫፍ እስከ ውስጠኛው ወለል ያለውን ያዙ፤ ከዚያ 10 ሴሜ ቀንሱ። በዚህ ላይ ከባልዲው ክዳን እስከ ፓምፑ መውጫ ያለውን ርቀት ደምሩ። ለምሳሌ የኬጉ ልክ 60 ሴሜ፣ የፓምፑ ርቀት 22 ሴሜ ቢሆን ጠቅላላው 72 ሴሜ ይመጣል፤ ቲውን፣ ቫልቩንና ታፖውን ጨምሮ ማለት ነው። መርጫው ወለሉን ከተጠጋ ውሃው ሳይበተን ይመለሳል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ወለሉን ሲመታ ጉልበቱ አልቋል። 10 ሴሜ በመሃል ያለ ልክ ነው።

3. መርጫውን ሥሩ። ታፖው አናት ላይ መሃል አንድ ቀዳዳ፣ በትከሻው ዙሪያ 45 ዲግሪ አዘንብለው አራት ቀዳዳ፣ ከአናቱ 1.5 ሴሜ ዝቅ ብሎ በጎኑ ሌላ አራት ቀዳዳ ብሱ። ሁሉም 3 ሚሜ ይሁኑ። የጎኖቹን ከትከሻዎቹ ጋር አታስተካክሉ፣ በመሃል በመሃላቸው ይግቡ። ዘጠኙ ቀዳዳዎች ተደምረው ወደ 64 ካሬ ሚሜ ይሆናሉ፤ የቧንቧው ውስጥ ደግሞ ወደ 190 ካሬ ሚሜ ነው። አንድ ሦስተኛ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው። ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ውሃው በቀላሉ በመርጫው ያመልጣል፣ በቧንቧው ውስጥ ግፊት አይቀርም፣ ወደ ቅርንጫፎቹም የሚገፋው ያጣል። ፓምፓችሁ ደካማ ከሆነ የጎኖቹን አራቱን ተዉአቸው።

ከተበሳ በኋላ ታፖውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ በውስጥ በኩል እዩት። በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ፑንታው ገፍቶ ያወጣው ቀጭን ጠርዝ ይታያል። ያ ጠርዝ ውሃውን ያጣምመዋል፣ የሆፕ ክርም ይይዛል። በቢላ ጫፍ ወይም በወፍራም ፑንታ በእጅ አዙራችሁ አንሡት። ታፖው በክርና በቴፍሎን ብቻ ይታሰር፣ በሙጫ አይዘጋ፤ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ መፈታት አለበት።

4. ቅርንጫፎቹን ግጠሙ። ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ሁለቱን ቲ፣ ከእነሱ በላይ የዋናውን ቧንቧ ቫልቭ፣ ከዚያ ቧንቧውን አያይዙ። ከየቲው ጎን ቫልቭ፣ ከቫልቩ 1 ሜትር ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ ዲስኮኔክት፤ መገናኛው ሁሉ በፋሼታ ይጥበቅ። 1 ሜትር የበዛ ይመስላል፤ ዲስኮኔክቶቹ የሚገቡት ግን ኬጉ ባልዲው ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው፣ ከዚያ ኬጉ ከቆመው ቧንቧ በላይ ተነሥቶ ይወርዳል። ቱቦው ካጠረ ያኔ ይጎተታል። ግድግዳው ከቀጠነ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ታጥፎ ይዘጋል።

የጋዙንና የቢራውን መግጠሚያ አታምታቱ። የጋዙ መግጠሚያ እግሩ ላይ ጭረት ወይም የኮከብ ቅርጽ አለው። ጥቁሩ ዲስኮኔክት በጋዙ ላይ በጉልበት ከገባ ለማውጣት ብዙ ያስቸግራል።

5. ወንፊቱን በፓምፑ ዙሪያ አልብሱት። ከኬጉ የሚመለሰው የሆፕ ፍርፋሪ እንደገና ተስቦ ወደ ቀዳዳዎቹና ወደ ስፕሪንግ ቫልቮቹ እንዳይሄድ የሚከለክለው እሱ ነው። ፓምፑ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ ካለው ተንሳፋፊውን ወደ ላይ እሰሩት፤ በጠባብ ባልዲ ውስጥ በትክክል አይሠራም። ከዚያ በኋላ ግን ውሃ ቢያልቅ ፓምፑን የሚያቆም ነገር የለምና ሳትጠብቁት አትሂዱ።

ስለ ኤሌክትሪኩ። ፓምፑ ግራውንድ ባለው ሶኬት፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር በኩል ይሰካ። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና የሚወጣ ጥምዝ ይኑረው፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ አይደርስም። እጃችሁን ባልዲው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ስፒናውን ንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም።

ሙከራ

መጀመሪያ በ10 ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ሞክሩት። የቢራውን ቱቦ ከዲስኮኔክቱ አውጥታችሁ፣ ሁሉም ቫልቭ ክፍት ሆኖ፣ ወደ አንድ ሊትር መለኪያ አስፈስሱ። በ12 ሰከንድ አካባቢ ከሞላ ጥሩ ነው፤ ዲስኮኔክቱና ስፕሪንግ ቫልቩ ሲጨመሩ ፍሰቱ ይቀንሳልና ትርፍ ይፈለጋል። ከዘገየ የዋናውን ቧንቧ ቫልቭ ጥቂት ዝጉ። ውሃ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ መርጫው ላይ ካልከበደው በቱቦው አይሄድም።

ከዚያ ኬጉን ጫኑና የዋናውን ቫልቭ ለአፍታ ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ጆሯችሁን ወደ ኬጉ ወለል ጠጋ አድርጉ። በመቅጃው ቱቦ የወጣው ውሃ ብረቱን ሲመታ ጠንካራ፣ የማይቋረጥ የከበሮ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከደከመ ወይም ከተቆራረጠ ቱቦው ወይም ቫልቩ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር አለ። ወደፊትም በእያንዳንዱ እጥበት መጀመሪያ ይህን ድምፅ ማዳመጥ የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው።

መርጫው ያልደረሰበትን ቦታ ለማየት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ በቤትም ይሠራል። በአንድ ሊትር ውሃ 0.2 ግራም ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ አሟሙና የኬጉን ውስጥ በመርጫ ጠርሙስ ቀቡት። ሳይደርቅ በማጠቢያው በንጹሕ ውሃ ለሁለት ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ጨለማ ቦታ ላይ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ውስጡን ተመልከቱ። ያልታጠበው ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ የትኛው ቀዳዳ መዞር ወይም መጨመር እንዳለበት እሱ ይነግራችኋል።

እጥበቱ

ኬጉን ከመክፈት በፊት የግፊት ማስተንፈሻውን ስባችሁ ጋዙን እስከ መጨረሻው አውጡ። ግፊት ባለበት ኬግ ላይ መግጠሚያ መፍታት አደጋ ነው። ትልልቆቹን፣ መሃላቸው ላይ አንድ መግጠሚያ ብቻ ያላቸውን የፋብሪካ ኬጎች በዚህ መንገድ ለመክፈት አትሞክሩ፤ ውስጣቸው ያለው ዘንግ በግፊት ሊፈናጠር ይችላል።

ዝቃጩን ድፉና ኬጉን በሁለት ሊትር ያህል ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ይህን የሚዘል ሰው አጣቢውን በእርሾ ላይ ይጨርሰዋል፣ አረፋውም ባልዲውን ይሞላዋል። የኬጉን ክዳንና ኦ-ሪንጉን (ክብ የጎማ ማሸጊያውን) ለብቻ በትንሽ ሳህን አጣቢ ውስጥ ዘፍዝፉ።

ባልዲው ውስጥ 10 ሊትር ሙቅ ውሃ አድርጉ፤ ሙቀቱ ፓምፑ እስከሚፈቅደው ድረስ ይሁን። 50 ግራም ሶዲየም ፐርካርቦኔትና 20 ግራም ሶዲየም ሜታሲሊኬት አሟሙበት። ፐርካርቦኔቱ ውሃ ውስጥ ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ወደ ሶዳ ይከፈላል፤ ሜታሲሊኬቱ ደግሞ ቅባትና ፕሮቲን ያነሣል። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ሜታሲሊኬት ዓይን ያቃጥላል። ይህን ፈሳሽ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡ፤ ኦክስጅን እያወጣ ግፊት ይፈጥራል። ከአሲድም ከበረኪናም ጋር አይቀላቀል። በረኪና ለብቻውም ቢሆን ለኬግ አይሆንም፤ ክሎሪኑ አይዝጌውን ብረት በነጥብ በነጥብ ይበላዋል።

ዲስኮኔክቶቹን ግጠሙ፣ ኬጉን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ፓምፑን አስነሡ። ከ40 እስከ 45°ሴ ላይ 20 ደቂቃ ይበቃል። 35°ሴ ላይ ከሆነ እስከ 40 ደቂቃ አስረዝሙት፣ ፐርካርቦኔት ከ40 በታች ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ቆሻሻው ከደረቀ ግን ፓምፑን ከማድከም ይልቅ ኬጉን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ አፉ በ60°ሴ መፍትሔ ሙሉት፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ሌሊቱን አሳድሩትና ጠዋት በአዲስ አጣቢ አዙሩበት። ያደረው ኦክስጅኑ አልቆበታል።

ከዚያ ባልዲውን አፍስሳችሁ በ10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሁለት ደቂቃ፣ እንደገና በአዲስ ውሃ ሁለት ደቂቃ አዙሩ። ኬጉን ስታነሡ በአፉ ዙሪያ ባለው ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ጥቂት ውሃ ታቁሮ ይቀራል፤ ቀጥ አድርጋችሁ በንጹሕ ውሃ አንቀጥቅጡና ድፉት። የውስጡን ግድግዳ በጣት ዳስሱ፤ ካሟለጨ አልካሊ አለ ማለት ነው፣ ማለቅለቁ ይደገም። የቀረ አልካሊ ቀጥሎ የሚመጣውን አሲዳማ ማምከኛ ያረክሰዋል።

ማምከኑን በፓምፑ ባታደርጉት ይሻላል። በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠሩት የተለመዱት ማምከኛዎች ብዙ አረፋ ያወጣሉ፤ ፓምፑ አረፋ ይስብና ይቆማል። ይልቅ 2 ሊትር ማምከኛ በሚገባው መጠን በጥብጣችሁ ኬጉ ውስጥ አድርጉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ በየአቅጣጫው እያገላበጣችሁ አርጥቡት፤ ከዚያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በቢራ መውጫው በኩል አስወጡት። የመቅጃው ቱቦ፣ ስፕሪንግ ቫልቩና የቧንቧው መስመር አብረው ይመክናሉ።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

መርጫው ከደከመ መጀመሪያ ታፖውን ፍቱ፤ ከዘጠኙ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ተደፍነው ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ከሆኑ ወንፊቱን እዩ። ፓምፑ እያጉረመረመ ውሃ ካልገፋ አየር ይዟል፤ ንቀሉት፣ ውሃው ውስጥ እያለ አዘንብሉት፣ አረፋው ሲወጣ መልሱት። ውሃው ከ12 ሴሜ በታች ከወረደም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሲሠራ ከ2 እስከ 3 ሊትር የሚሆነው ኬጉና ቱቦዎቹ ውስጥ ነውና።

በቢራው ቱቦ ጭራሽ ካልፈሰሰ መግጠሚያውን በልኩ ቁልፍ ፈትታችሁ ስፕሪንግ ቫልቩንና የመቅጃውን ቱቦ አውጡ። ቫልቩ እግር ላይ የተጠመጠመ የሆፕ ክር ማግኘት የተለመደ ነው። ማጠቢያው ቢኖርም አልፎ አልፎ ይህን መፍታት አይቀርም፤ በተለይ ሆፕ ኬጉ ውስጥ ከተጨመረ በኋላ። የሁለቱ መግጠሚያዎች ክር በአንዳንድ ኬጎች ይለያያልና ሁለቱን በአንድ ላይ ከፈታችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

ከደረቀ በኋላ ነጭ ሽፋን ከታየ ወይ ማለቅለቁ አልበቃም፣ ወይ ውሃው ካልሲየም ይበዛበታል። ቢጫ ቡናማ፣ በጥፍር ሲፋቅ ሸካራ የሆነው ደግሞ ካልሲየም ኦክሳሌት፣ ማለትም የቢራ ድንጋይ ነው፤ አልካሊ አይነካውም። ለሁለቱም 10 ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ 150 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟምታችሁ ለ20 ደቂቃ አዙሩ፤ አጣቢው ግን አስቀድሞ በሚገባ ታጥቦ ይውጣ። ቢራ ድንጋዩ ወፍራም ከሆነ አንድ ጊዜ አይበቃውም።

ሥራው ሲያልቅ በማጠቢያው ውስጥ ራሱ ንጹሕ ውሃ ለአንድ ደቂቃ አሳልፉ፣ ቫልቮቹን ክፍት ተዉ፣ ቱቦዎቹን ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ ስቀሉ፣ ባልዲውን ሳትከድኑ አድርቁ። ኬጉ ወዲያው የማይሞላ ከሆነ ትኩስ እያለ አትዝጉት፤ ሲበርድ ውስጡ አየር ያንሰውና ክዳኑ ይጣበቃል፣ ኦ-ሪንጉም ያልመከነ አየር ይስባል። ከበረደ በኋላ ዘግታችሁ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙሉበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማስተንፈሻውን ስትስቡት ካልተነፈሰ የትኛው ኦ-ሪንግ እንደሚያፈስ ፈልጉ።